«ቅዳሜ ብቻ» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለጓደኞቹ

ውድ ልጆቼ፣

በሠፈራችን ጂም የሚሠራ አንድ ወጣት ሰሞኑን «ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ እየሠራሁ ቅዳሜ ብቻ ብጠጣ ምን ይጎዳኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሯጮችን ሳሠለጥን ያረጀሁ ሰው ነኝና መልሱ አይጠፋኝም። ነገር ግን ጥያቄው በ1980ዎቹ አሠለጥነው የነበረን አንድ ልጅ አስታወሰኝና ወዲያው መናገር አቃተኝ።

ከአርሲ የመጣ የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበር። በየማለዳው ልጆቹ ከመኝታቸው ሳይነሱ በካምፑ አልጋዎች መካከል እየዞርኩ የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ። የእሱ በደቂቃ ከ45 አያልፍም። ከግብዣ ማግሥት ግን 60 ይደርሳል፤ ያን ዕለት እንጦጦን ስንወጣ ከኋላ የምሰማው ትንፋሽ የእሱ ነው። ባሸነፈ ቁጥር ጋባዥ አያጣም። ይወዱታል፤ «ለእኛ ክብር አንድ ብርጭቆ» ይሉታል።

የዐቢይ ጾም ሲገባ መጠጥ ተወ። ያለ ሥጋና ያለ ወተት ይህን ሁሉ ሮጦ ይዝላል ብዬ ስሰጋ፣ ምቱ ወርዶ ጸና። ቀድሞ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣ የነበረው ልጅ ሰውነቱን አላልቶ መጨረስ ጀመረ። ሌሊት የሚገላበጠውም ቀረ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ ጠላውም አረቄውም ተመለሰ። ግንቦት ላይ በነበረው ማጣሪያ እስከ 3,000 ሜትር ከመሪዎቹ ጋር ሄዶ ተቆረጠ። ስቆጣው «ጋሼ፣ የአባቴ ጓደኛ ቆሞ የዘረጋልኝን ብርጭቆ እንዴት ብዬ ልመልስ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። በዓመቱ ሩጫውን ትቶ አገሩ ገባ። ምን ያህል መሮጥ ይችል እንደነበር እሱም እኔም ሳናውቀው መቅረታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጠጥ እንቅልፍ ቶሎ ያመጣል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይቆራርጠዋል። ሽንት እያበዛ ውሃ ያስወጣል፤ ልምምድ ያደከመው ጡንቻ የሚጠገንበትንም ሥራ ያዘገያል። አንዱ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከስኳር ይበልጣል። ለፕሮቲን ዱቄት ያን ያህል ገንዘብ አውጥታችሁ ቅዳሜ ማታ ጥገናውን ራሳችሁ ስታቋርጡት ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ በእኛ ጊዜ አሠልጣኝን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዲሲፕሊን የራስ ውሳኔ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ብቻውን የወሰነ ሰው ግብዣ ፊት ሲረታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሕጉ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የዘመድን ብርጭቆ የምትመልሱት ግን እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ለእሑድ ማለዳ ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር የሩጫ ቀጠሮ ያዙ፤ ጋባዡንም ቀድማችሁ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። ብርጭቆው ከተቀዳ በኋላ እምቢ ማለት ለአዋቂም ይከብዳል። ለዚያ ልጅ ያኔ ይህን ብነግረው ደስ ባለኝ ነበር።

ሁለት ወር ያለ መጠጥ ሞክሩትና በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትወርዱ ምታችሁን ቆጥራችሁ ጻፉ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታን የመሰለ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።