ሱሪዎን የሚበላው ስፌቱ ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ጅማ ነው፤ ቤቴ በጅሬን በኩል፣ ሥራዬ መርካቶ። ጠዋት በብስክሌት ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ማታ ዳገቱን እወጣለሁ። ጅንስ ሱሪዎቼ በሁለት በሦስት ወር ብሽሽታቸው ላይ ይተረተራሉ፤ እዚያው ቦታ ገላዬንም ይልጠኛል። የቀኝ እግሩን ደግሞ የብስክሌቱ ካቴና (ሰንሰለት) ይበላዋል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከሰልባጅ ተራ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ላሰፋ?»

ቁምጣውን ይተዉት። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ያለ ፓንት በባዶ ገላ የሚለበስ ነው፤ ሌላ ሰው ላብ ያጠጣውን ገዝቶ እንዲያ መልበስ ደስ አይልም። በበረኪና ወይም በፈላ ውሃ ልጠበው ቢሉ የሚለጠጠው ክር ይሞትና ቁምጣው ይረግባል። ስፖንጁም ዕድሜ አለው፦ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ አልቆለታል። እንዲያውም ስፖንጅ የሚጠቅመው ኮርቻ ላይ ለሰዓታት ለሚቀመጥ ሰው ነው። ከቤት ሥራ ለሚመላለስ ሰው የሚያስፈልገው በትክክለኛው ቦታ ስፌት የሌለበት ሱሪ ነው።

ጅንስዎን ገልብጠው ይዩት። የሁለቱ እግሮች የውስጥ ስፌት፣ የፊቱና የኋላው የመሐል ስፌት አራቱም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የጅንስ ስፌት ታጥፎ በድርቡ ስለሚሰፋ ያ ነጥብ እንደ ገመድ ቋጠሮ ያብጣል። ቆመው ሲሄዱ ምንም አይልም። ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ግን ከሰውነትዎ ክብደት ከፊሉ በዚያ ቋጠሮ ላይ ያርፋል፤ ገላዎን የሚልጠው እሱ ነው። ፔዳል በረገጡ ቁጥር ደግሞ ጭንዎ ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ሊለቅለት የሚችል ትርፍ ጨርቅ ስለሌለ መሳቡ ሁሉ እዚያው ነጥብ አጠገብ ያልቃል፣ ከኮርቻው ጠርዝ ጋር መፋተጉ ይጨመርበታል፣ ጨርቁም ይሳሳና ይተረተራል። ጅንሱን በሌላ ጅንስ መለወጥ ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው።

መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ኮርቻውን ይዩ። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። ለመድረስ ዳሌዎ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል፤ የሚወዛወዝ ዳሌ የትኛውንም ጨርቅ እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል። በግማሽ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያወረዱ ይሞክሩት። የኮርቻው ልባስ ተቀዶ ወይም ስፌቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከሆነም መጀመሪያ እሱን ያስለብሱ።

አሁን ወደ ሱሪው። መፍትሔው በአራቱ ስፌቶች መገናኛ ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት ነው። የተተረተረውን ጅንስዎን መሞከሪያ ያድርጉት። የሁለቱን እግሮች የውስጥ ስፌት ከመገናኛው ጀምሮ 11 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይፍቱ፤ የፊቱንና የኋላውን የመሐል ስፌት አይንኩ፤ ጫፋቸውን ብቻ እንዳይተረተር ደጋግመው ይስፉት። ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው የሚሄድ ክፍተት ያገኛሉ። በጨርቅ ላይ በጠመኔ 20.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር ያስምሩ፤ በመሐሉ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌላ መስመር በመስቀል ያሳልፉ። አራቱን ጫፎች ሲያገናኙ እያንዳንዱ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ካልመጣ ስሌቱ ላይ ስሕተት አለ። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ይተዉና ይቁረጡ። ቁራጩ ከተቻለ ከክሩ አቅጣጫ በሰያፍ ይቆረጥ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ይሳባል።

ረጅሞቹ ጫፎች ወደ ሁለቱ ጭኖች፣ አጫጭሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመሐል ስፌት ይሄዳሉ። አራቱንም ጎኖች ለየብቻ ይስፉ። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ የስፌት ትርፉ ከሚጀምርበት ነጥብ በትክክል ያቁሙ፣ ክሩን ይቁረጡ፣ ቀጣዩን ጎን እንደ አዲስ ይጀምሩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ማዕዘኑን ሳያቆም ይዞራል፣ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ሽብሽቡም አዲስ ቋጠሮ ይሆናል። ለጅንስ 100 ቁጥር መርፌ፣ ለቀጭን ጨርቅ 90፤ የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል። ትርፉን ወደ ሱሪው በኩል እንጂ ወደ ቁራጩ አያጥፉት፤ ካውያ ያድርጉበትና ከላይ አንድ መስመር ይስፉበት። እንዲህ ሲሆን ከሥርዎ ያለው ነጠላ ጨርቅ ብቻ ነው። የሳሳው ጨርቅ ከ11 ሴንቲ ሜትር ካለፈ እስከ 13 ይፍቱና ረጅሙን መስመር 24.8 ያድርጉት፤ ወርዱ ያው 8 ነው።

አዲስ የሚያሰፉ ከሆነ ጅንስን ይርሱት፤ ይከብዳል፣ ላብ ይጠጣል፣ ጅማ ላይ ክረምት ከገባ ደግሞ ሲደርቅ አይታይም። መርካቶ ገብተው የሚለጠጥ ጋባርዲን ይጠይቁ። የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ፦ በወርዱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርገው ይሳቡት። 12 ደርሶ ወደ 10 ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ሳይመለስ ከቀረ የሱሪው ጉልበት ቶሎ ያብጣል። ከጠርዙ አንድ ክር መዘው ያቃጥሉ። እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ግራጫ ዐመድ የሚተወው ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ የሚሆነው ፖሊስተር። ለእርስዎ ሁለቱም የተቀላቀሉበት ይሻላል፦ ፖሊስተሩ ቶሎ ያደርቃል፣ ጥጡ ገላ ያሳርፋል።

ልክዎን ሲሰጡ ቆመው ብቻ አይለኩ። ጎንበስ ብለው ይቀመጡና ይለኩ። ያኔ የኋላው ወገብ ምን ያህል እንደሚወርድ ያያሉ፤ የኋላውን መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያስደርጉ፣ ወደ ጎን እየቀነሰ ዜሮ ይሁን። ይህ ካልሆነ በዳገቱ ላይ ጀርባዎን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ጉልበት ሲታጠፍ እግሩ ስለሚያጥር 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። የእግሩ መውጫ ዙሪያ 36 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከጠበበ ተረከዝ አያልፍም፣ ከሰፋ ካቴናው ያገኘዋል። ላሉዎት ሰፋፊ ሱሪዎች 3 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማሰሪያ ቬልክሮ አስገብተው ያሰፉ፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ በቀኝ እግር ይታሰራል። ከአንጸባራቂ ሰደርያ የተቆረጠ ጥብጣብ ቢሰፋበት ማታ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ከሩቅ ያይዎታል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ብርሃን ከማይንቀሳቀስ ይልቅ ዐይን ይይዛል። የካቴና ግራሶ የነካውን ጨርቅ ውሃ ሳያስነኩ በደረቁ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይሹት።

ለላይኛው ልብስ የእርስዎ መንገድ አስቸጋሪ ነው፦ ጠዋት ሳይደክሙ በብርድ ይወርዳሉ፣ ማታ በላብ ይወጣሉ። ወፍራም ጃኬት ለሁለቱም አይሆንም። ፊቱ ንፋስ የማያስገባ ናይለን፣ ጀርባው መረብ የሆነ ሰደርያ በሸሚዝ ላይ ይልበሱ፤ ማታ ዳገቱ ሳይጀምር አውልቀው ያስቀምጡት። ላብ ካላበዎት በኋላ ማውለቅ ዘግይቷል። ቦርሳውንም ከጀርባዎ ያውርዱና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይሰሩት።

በረጅም ቀሚስ ወይም በዐባያ ለሚነዱ እህቶች፦ በውስጥ በኩል ከጠርዙ ላይ የክር ቀለበት፣ በጉልበት ልክ ቁልፍ ያሰፉ፤ ሲነዱ ቆልፎ ማሳጠር፣ ሲወርዱ መፍታት ነው። የኋላ ጎማው ጎን በመረብ ይሸፈን። የሻሽና የነጠላ ጫፍ ሁልጊዜ ከልብስ ሥር ይግባ።

ለዝናቡ ሙሉ የላስቲክ ልብስ አይመከርም፤ በዳገት ላይ ላብዎ ከውስጥ እንደ ዝናቡ ያበሰብስዎታል። ብብቱ ሥር አየር ማስወጫ ያለው አጭር የናይለን ጃኬት ይብቃዎት። ከሁሉ የሚበልጠው ፓራፋንጎ (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ነው፤ ከጫፉ ላይ እስከ መሬት 15 ሴንቲ ሜትር የሚቀረው የጎማ ቁራጭ ቢያንጠለጥሉበት ጫማዎም ሱሪዎም ይተርፋል። ቀዩ ጭቃ ከነካው ግን በእርጥቡ አያሹት፤ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ።