አባቴ ምን እንደምማር ለሰው አይናገርም

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

በነፃ የትምህርት ዕድል ሩሲያ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ የምንማርበት ፖድፋክ ነበር። አሁን የሩሲያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን እወደዋለሁ። አባቴ ግን በወጣትነቱ የኡራል መኪና መካኒክ ነበር፤ ምኞቱ እኔን ሐኪም ሆኜ ማየት ነው። ጎረቤት ሲጠይቀው «ሩሲያ ናት» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ምን እንደምማር አይናገርም። አብረውኝ የመጡት ልጆች ደግሞ ምህንድስናና ሕክምና ላይ ናቸው። «ሩሲያኛውንማ እኛም ችለነዋል፤ አንቺ ሌላ ምን ያዝሽ?» ሲሉኝ መልስ አጣለሁ። ሁሉንም ትቼ ሕክምና ከአንደኛ ዓመት ልጀምር?

ግራ የገባኝ ልጅዎ

ምላሽ

ልጄ፣ የጓደኞችሽ ጥያቄ ያማል፤ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም በደርግ ጊዜ እዚያው አገር ቋንቋ ተምሬ ስመለስ ያው ጥያቄ ጠብቆኛል።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ለሩሲያ ሐኪሞች ማስተርጎም ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት «ምች መታኝ» አሉ። እኔ «ፀሐይ መታቸው» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ውሃ ስጧቸው፣ ጥላ ውስጥ አስተኟቸው አለ። ሴትየዋ ግን ውሃ የቋጠረ ከንፈራቸውን በጣታቸው እያሳዩኝ ነበር። ሰዋስዌ እንከን አልነበረበትም። ስለ በሽታ ግን ምንም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የሕክምና መጽሐፍ አነበብኩ። እንጀራዬ የተጋገረው ያኔ ነው።

ጓደኞችሽ ሙያ ይዘው ቋንቋ ጨመሩበት። አንቺ ደግሞ ቋንቋውን በጥልቀት ይዘሻል፤ የጎደለሽ ሙያው ነው። ስለዚህ አታቋርጪ። የቀረሽ ጥቂት ነው። ዲግሪሽን ከያዝሽ በኋላ የሁለት ዓመቱን ማስተርስ በሌላ ዘርፍ ማመልከት ትችያለሽ፤ የመግቢያ ፈተና አለው። ንግድ፣ ሎጂስቲክስ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ብታስቢ ጥሩ ነው። ፖድፋክ አይጠብቅሽም። ሕክምና ግን እንዲህ አይሆንም፤ ከአንደኛ ዓመት ተነስቶ ስድስት ዓመት ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ትምህርቱን እወደዋለሁ» ብለሻል። ሕክምናን ግን የአባቴ ምኞት ነው እንጂ የእኔ ነው አላልሽም። ለሌላ ሰው ምኞት ስድስት ዓመት ብዙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ብዙ ልጆች ይሳሳቱበታል። ሩሲያኛ ከተባበሩት መንግሥታት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ታዲያ እዚያ የጽሑፍ ተርጓሚ የሚሠራው ወደ ዋና ቋንቋው ነው፤ ያም ከስድስቱ አንዱ መሆን አለበት። አማርኛ የለበትም። በዚያ በር ላይ ተስፋ አታድርጊ። ይልቅ አገርሽን እዪ። አየር ኃይላችን የሩሲያ ሥሪት የሆኑ ሱኮይ ተዋጊ ጄቶችና ሚ ሄሊኮፕተሮች ያበርራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሞስኮ ይመላለሳል። ቡናችን እዚያ ይሸጣል። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለቱ አገሮች ብሪክስ በተባለው የአገሮች ማኅበር ውስጥ አብረው ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች መሐል ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ይገባል። ውሉን ከሩሲያኛው በቀጥታ አንብቦ፣ ጉምሩኩንም አውቆ፣ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጥቻለሁ። «ሩሲያኛ ብቻ የሚችል ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ፤ እምብዛም አይወጣም።

ስለ አባትሽ አንድ ሐሳብ አለኝ። የኡራልን የጥገና መጽሐፍ በሩሲያኛ ፈልጊ። እሑድ ስትደውዪለት ክፍሎቹን አንድ በአንድ አንብቢለት። አንቺ «ሬሶራ» ስትይው እሱ «ባሌስትራ» ይልሻል። «ስሴፕሌኒዬ» ስትይው «ፍሪሲዮን» ይልሻል። የጋራዥ አማርኛችንን እሱ ያውቃል፣ የመጽሐፉን ሩሲያኛ አንቺ ታውቂያለሽ። ደብተር ይዘሽ በሁለት ረድፍ ጻፊው። መቶ ቃል ስትሞሉ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ ለጎረቤት የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።