ፈረንሳይ ማለት ፓሪስ ብቻ አይደለም፣ ልጆቻችሁን ገጠር ውሰዱ

ሰላም ወገኖቼ። ይሄን የምጽፈው በተለይ ፈረንሳይ ላላችሁት ነው፣ ቤልጅየምና ጀርመን ሆናችሁ በመኪና ለምትመጡትም ይሆናል። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የማየው ነገር አንጀቴን ያቃጥለዋል። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ፎቅ ላይ ተዘግተው ስክሪን ላይ ያፈጣሉ፣ እናትና አባት ኦቨርታይም ይገባሉ፣ አንድ ቅዳሜ ይወጣና ኤፍል ታወር ስር ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይላካል፣ አለቀ፣ ቫካንስ ወጣን ይባላል። ስንት ዓመት ኖራችሁ ከሜትሮው ውጪ ያለውን አገር አታውቁትም እኮ!

ዛሬ አንድ መንደር ብቻ ልንገራችሁ። ሌዜዚ ትባላለች፣ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ዶርዶኝ ውስጥ ቬዜር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ነች። ከበላይዋ ትልቅ ገደል ተንጠልጥሏል፣ ቤቶቹ ጀርባቸውን ለቋጥኙ ሰጥተው ስሩ ተደርድረዋል። ላሊበላን ያየ ሰው ድንጋይና ሰው እንዲህ ተጠጋግተው ሲኖሩ አይገርመው ይሆናል፣ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ግን አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው።

1. ወረቀት

የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና የጤና ካርዳችሁን ያዙ፣ በቃ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ግን ከተመደባችሁበት ክልል ከመውጣታችሁ በፊት የሚከታተላችሁን ሰው ጠይቁ።

2. ገንዘብ

"ገንዘብ የለንም" አትበሉኝ። ልጅ ኖሯችሁ ገቢያችሁ ዝቅ ካለ ካፍ (የቤተሰብ ድጎማ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት) ቫካፍ የሚባል የቫካንስ ድጋፍ አለው፣ አብረውት ከሚሠሩት ካምፒንጎችና የቫካንስ መንደሮች ሂሳብ ላይ ይቀንስላችኋል። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ የራሳችሁን ካፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሏቸው የሚጥሉ ሰዎች አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችሁም ሼክ ቫካንስ (ለእረፍት ወጪ የሚከፈልበት ኩፖን) ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከ1982 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አለቃችሁ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ሌዜዚ ያለው ብሔራዊ የቅድመ ታሪክ ሙዚየም ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነፃ ነው። ለማታውቁት ሰው ሠርግ ዩሮ የምትልኩ ሰዎች ለልጃችሁ አንድ ሳምንት ድንኳን መከራየት አያቅታችሁም።

3. መንገድና ሥነ ሥርዓት

በባቡር ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ሊሞዥ፣ ከሊሞዥ ፔሪጉ፣ ከዛ በትንሿ የክልል ባቡር ሌዜዚ ድረስ ትገባላችሁ፣ መንደሯ የራሷ ጣቢያ አላት። ከደረሳችሁ በኋላ ግን መኪና ከሌላችሁ ያላችሁ እግራችሁ ነው፣ እሁድ ደግሞ አውቶቡስ ይመጣል ብላችሁ አትቁሙ፣ ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ሰፋ ያለ መኪና ብትከራዩ ይሻላል። ሱቁ ለምሳ ይዘጋል፣ ቀድማችሁ ግዙ።

ዳቦ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ቦንዡር በሉ። መንገድ ላይ ላገኛችኋቸው ሽማግሌም በሉ። ፓሪስ ሰው ሰውን አያይም፣ ገጠር ግን እንደኛው አገር ነው፣ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ስንቱን ሐበሻ አየሁት አንገቱን ደፍቶ ገብቶ ዳቦውን በጣቱ ጠቁሞ ሲወጣ፣ ከዛ "ፊት አይሰጡም፣ ዘረኞች ናቸው" ይላል። ዘረኛ የለም አላልኩም፣ አለ፣ ግን መጀመሪያ ሰላምታውን ስጡ።

የእግር መንገዶቹ ዛፍና ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ነጭና ቀይ ሰረዝ ካያችሁ ሩቅ አገር የሚሄደው ረጅሙ መንገድ ነው፣ ከልጅ ጋር እሱን አትከተሉ፣ ቢጫ ሰረዝ አጭሩ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አዙሮ ይመልሳችኋል። ሁለቱ ሰረዝ ተጠላልፈው ከተቀቡ ስታችኋል፣ ተመለሱ። ከጫካ ስትመጡ የልጆቹን ብብትና ከጉልበታቸው ጀርባ ፈትሹ፣ መዥገር አለ፣ የላይም በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። በመኸርና በብርዱ ጊዜ አደን ስላለ ደማቅ ልብስ ልበሱ። ዋልነት ዛፍ ስር የወደቀ ፍሬ አይታችሁ ደግሞ ፌስታል እንዳታወጡ፣ የገበሬው እንጀራ ነው።

4. ውሃ

ቬዜር ላይ ታንኳ ተከራይቶ ከሴን ሌዮን ሱር ቬዜር እስከ ሌዜዚ መውረድ ይቻላል። መሃል ላይ ላ ሮክ ሴን ክሪስቶፍ በሚባለው ገደል ስር ታልፋላችሁ፣ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 80 ሜትር፣ በየደረጃው ሰው ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ነው። በጣም ነው የሚያምረው።

አከራዮቹ ግን 25 ሜትር መዋኘት ትችላላችሁ ወይ ብለው ይጠይቋችኋል። አትዋሹ! አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ወንዝ ስንል ዘለን የምንሻገረውን ነው የምናውቀው። ላይፍ ጃኬቱን ሞቀኝ ብላችሁ አታውልቁ፣ ጠባቂ የሌለበት ወንዝ ውስጥ አትግቡ፣ ውሃው ከላይ ፀጥ ያለ ይመስላል፣ ከታች ይስባል። በስደት ስንት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልጅ እሁድ ከሰዓት ለመዝናናት በገባበት ኩሬ ሲቀር ሰምተናል፣ ለቅሶም ተቀምጠናል። ከመሄዳችሁ ወራት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ተመዝገቡ። ልጆቹን ብቻ አይደለም፣ እናቶች፣ እናንተንም ነው የምለው።

5. ዋሻዎቹ

ላስኮ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ ከሌዜዚ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ ሞንቲኛክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ1940 ተገኘ፣ የዛ ሁሉ ጎብኚ ትንፋሽ ሥዕሉን እያበላሸው ስለመጣ በ1963 ተዘጋ፣ አሁን የምታዩት በ2016 የተከፈተውን ቅጂ ነው። ቅጂውም ግሩም ነው። እኔ ግን ፎን ደ ጎም የሚባለው ዋሻ ሂዱ ነው የምለው፣ ከመንደሯ በእግር ትደርሳላችሁ፣ እዛ ዋናውን ሥዕል ነው የምታዩት፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሰው እጅ የቀባውን ባይሰን (የዱር በሬ) እና ፈረስ። አስጎብኚው መብራቱን ወደ ጎን ሲያዘነብለው የግድግዳው እብጠት የእንስሳው ሆድና ትከሻ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ቀቢው ድንጋዩን አይቶ ነው የቀባው። በ1901 ያገኘው ዴኒ ፔይሮኒ የዛው መንደር አስተማሪ ነበር።

ይሄን ስሙ አሁን። እነዚህን ሥዕሎች ካጠኑት አንዱ አንሪ ብረይ የሚባል ቄስ ነው፣ እሱው ሰውዬ በ1933 ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ከከተማው አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ቆፍሯል። እዛም ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። ስንቶቻችን ነን ድሬዳዋ ተወልደን ይሄን የማናውቀው? ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሉሲን ይማራል፣ ድንቅነሽ የአፋር መሆኗን ግን ከናንተ አፍ ነው መስማት ያለበት። እዚችው ሌዜዚ ውስጥ በ1868 መንገድ ሲሠራ የተገኘው ክሮማኞን የሚባለው የጥንት ሰው 30 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፣ አፋር ሄርቶ ላይ የተገኘው ሰው 160 ሺህ ዓመት ገደማ። ሙዚየሙ ውስጥ ልጃችሁን ጎን ለጎን አቁማችሁ ይሄን ንገሩት፣ በአማርኛ ንገሩት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዞር ብሎ ቢያያችሁ ይይ።

6. ልጆቹ

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ልጆቻችን አማርኛ እየጠፋባቸው ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም እናለቅሳለን፣ ግን ቤት ውስጥ የምናወራቸውን አማርኛ አንድ ቀን አዳምጡት። ብላ። ተኛ። ዝጋው። አትጩህ። ጎረቤት ይሰማል። ከዚህ ውጪ ምን አለ? ልጁ የናንተን ቋንቋ የሚያውቀው በትእዛዝና በቁጣ ብቻ ከሆነ ምን ብሎ ይውደደው? ከዛ ቅዳሜ ፊደል ትምህርት ቤት ወስዳችሁ ትጥሉትና አስተማሪውን ትወቅሳላችሁ። አስተማሪው ምን ያርግ!

የኔ ትልቁ ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። እናቴ ስትደውል "ደህና ነኝ" ብሎ ስልኩን ለኔ ያቀብለኝ ነበር። እናቴ አሁን የለችም፣ እሱም አሁን አድጎ ስለሷ ይጠይቀኛል፣ እኔ በፈረንሳይኛ ነው የምነግረው። ይሄ በናንተ እንዲደርስ አልፈልግም።

ገጠር ስትወስዷቸው የሚሆነው ነገር ሌላ ነው። ላም ስታዩ እረኝነታችሁ ይመጣባችኋል፣ ወንዝ ስታዩ እናታችሁ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ ይመጣባችኋል፣ ሳይታሰብ አፋችሁ ይከፈታል፣ ልጁም አባቱ የሚያወራው ነገር እንዳለው ያያል። ፎቅ ላይ ምን እያያችሁ ነው የምታወሩት? ግድግዳ?

አንድ ነሐሴ ከጓደኞቻችን ጋር እዛው አካባቢ ካምፒንግ ነበርን፣ ቡሄ ዋለ። በመሃላችን የሰላሌ ሰው አለ፣ ፓሪስ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ፣ ዝምተኛ፣ ልጆቹ ፊት ፈረንሳይኛው ስለሚሰባበር ከቤቱ ውጪ ብዙም አይናገርም። ገመድ ፈልጎ ጅራፍ ገመደ፣ ጫፉን አጠነከረው፣ ታጭዶ ባዶ ወደቀረ ማሳ ዳር ወጣና አንዴ ሲያስጮኸው ገደሉ መልሶ አስተጋባ። ልጆቹ ሁሉ ተሯሩጠው መጡ። የሱ ልጅ "አባቢ ድገመው፣ አባቢ አሳየኝ፣ እንዴት ነው የሚያዘው" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፣ በአማርኛ፣ ያ ልጅ ቤታቸው ስንሄድ ከክፍሉ የማይወጣ ልጅ ነው። ትንሽ ቆይቶ የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ብቅ አሉ፣ ሊቆጡን ነው ብለን ደነገጥን፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ልሞክር አሉ። ያ ልጅ መሃል ቆሞ የአባቱን ለሰውዬው፣ የሰውዬውን ለአባቱ ያስተረጉማል። አባቱ አስተማሪ ሆኖ ሲያይ የልጁ ፊት እንዴት እንደሆነ ብታዩ! ማታ ሆያ ሆዬ ሲዘፍኑ ግጥሙን ያልያዘ ልጅ አልነበረም። ፎቅ ላይ ሆያ ሆዬ በሉ እስኪ፣ ፖሊስ ነው የሚጠራባችሁ።

(ችቦ ግን አላበራንም፣ እናንተም እንዳታበሩ፣ በሙቀቱ ጊዜ ጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ በሕግ ክልክል ነው፣ አንድ ፍንጣሪ ተራራውን ሙሉ ይበላዋል።)

እና "ልጄ አማርኛ እምቢ አለኝ" የምትሉኝ ሰዎች፣ ልጁ እምቢ አላለም፣ የሚያወራበት ነገር አልሰጣችሁትም። በሳምንት ስድስት ቀን ሠርታችሁ፣ ሰባተኛውን ሠርታችሁ፣ ለማን ነው? ለልጆቼ ትላላችሁ። ልጆቹ እኮ እናንተን አያውቋችሁም!

7. የቀረው

ፍልሰታ የምትጾሙ ተጠንቀቁ፣ የዛ አገር ምግብ ሁሉ ዳክዬና ዝይ ነው፣ የሳርላ ድንች ብለው የሚያመጡላችሁ እንኳን በዳክዬ ስብ የተጠበሰ ነው፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም ጠይቃችሁ ብሉ። ሽሮና በርበሬ ከቤት ያዙ፣ ቲማቲምና ሽንኩርቱን ቅዳሜ ጠዋት አቅራቢያው ካለችው ሳርላ ከተማ ገበያ ግዙ። ፎን ደ ጎም በቀን የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ እዛው ደርሰን እንገዛለን ብላችሁ እንዳትሞኙ፣ በጊዜ ቦታ ያዙ። ለልጆቹም ሹራብ ያዙ፣ ውጪው ምንም ቢሞቅ ዋሻው ውስጥ ይበርዳል።