ችካል ከመትከላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሬት የምትለኩ፣ ፕላን የምትነድፉ፣ ስለ ከተማችን ነገ የምትከራከሩ ሁሉ፣ አንድ የተነቀለ ችካል ታሪክ ልንገራችሁ።

ቀያሽ ነበርሁ። በወጣትነቴ በደሴ ዳርቻ የመንገድ መስመር እንዳወጣ ታዝዤ ቀኑን ሙሉ ችካል ስተክል ዋልሁ። በማግስቱ ስመለስ ሁሉም ተነቅለው አንድ ደጃፍ ላይ እንደ ማገዶ ተከምረዋል። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ቡና እየቆሉ ነበር። በቁጣ ብናገራቸውም አልደነገጡም። «ልጄ፣ ይህን ቦታ በነሐሴ መጥተህ አይተኸዋል?» አሉኝ። እኔ የመጣሁት በጥር ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበትን በእጃቸው አሳዩኝ፤ በግድግዳቸው ላይ የደረቀው የጭቃ ምልክት ከጉልበቴ በላይ ነበር። በካርታዬ ላይ ግን ቦታው ባዶ መሬት ነው።

ቢሮ ተመልሼ ብናገር ሰሚ አላገኘሁም፤ እኔም አጥብቄ አልተከራከርሁም። መንገዱ በተሰመረበት ወጣ፤ በ3ኛው ክረምት ግማሹ ተንዶ ገደል ገባ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ለመዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም ከተማው ወዴትና እንዴት እንደሚያድግ ለሚያሳየው ዋና ፕላን፣ የ10 ዓመት ዕድሜ ሰጥቶታል፤ ሕዝብ እንዲወያይበትም ያዛል። እኛ ውይይቱን በአዳራሽ እናደርገዋለን። ሰው ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። በእኛ በወሎ ሰው ልቡን አውጥቶ የሚናገረው በቅሬው ነው። ቅሬ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ ለድንኳኑና ለድስቱ በየወሩ የሚያዋጣበት ማኅበር ነው። ገና ላልመጣ ቀን ዓመታት ሙሉ ሲያዋጣ የኖረ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ብታወሩት አይሰለቸውም።

ኋላ ላይ በቅሬ መወያየቱን ሞከርሁት። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቼ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ ጫንሁት። መጀመሪያ ማንም አልቀረበም። አንድ አባት በከዘራቸው ጫፍ ቤታቸውን ሲፈልጉ ግን ሁሉም ጎንበስ አለ። ከዚያ ጠቡ ተነሣ። አንዱ ለልጆቹ የቤት መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል፤ ሌላው ተዳፋቱ ለቤት ከተቆፈረ ከታች ያሉ ቤቶች ያልቃሉ ይላል። በዚያ ቀን አልተስማሙም። በ4ኛው ስብሰባ ከወንዙ ዳር ቤት እንዳይሠራ ተስማሙ፤ የራሳቸውን አጥር ወደ ኋላ የመለሱም ነበሩ። ጠቡን አትፍሩት፣ አብሽሩ። እኔ በሥራ ዘመኔ ጸንቶ ሲቆይ ያየሁት መስመር እንዲህ የተጣሉበት ብቻ ነው።

ደግሞ ካርታችሁን በከተማው ወሰን ላይ አትቁረጡት። የቦርከና ወንዝ በደሴ አልፎ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ ቆሻሻዋን ወንዝ ውስጥ ስትጥል የኮምቦልቻ ሰው በደጁ ያገኘዋል። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል፤ እዚያ ሥራ ያገኘች ልጅ ደሴ ልታድር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ልትወጣና ልትወርድ ትችላለች። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች ለየብቻ የሚያልሙት ሕልም አንዱ የሌላውን እንዳያበላሽ እሰጋለሁ። ተራራው ደሴን አጥብቦ ይዟታል፤ በየት በኩል ትስፋ የሚለውን ብቻዋን ልትመልሰው አትችልም።

እንግዲህ በመጪው ነሐሴ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ቦት ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። ውኃው የት እንደ ደረሰ ደጃፍ ላይ የቆሙትን ጠይቁ፤ በካርታው ላይም አስምሩት። ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስም አጠገቡ ጻፉ።