«የመሥሪያ ቤት መኪና ነው» ለምትሉ ወጣት ሹፌሮች

31 ዓመት መሪ ይዣለሁ። አሥራ አንዱን ያሳለፍኩት ከአንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ጋር ነው። ሳስረክባት 412 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር፤ ሞተሯ አንድም ቀን አልወረደም። ሰው «ዕድለኛ ነህ» ሲለኝ ትንሽ እበሽቃለሁ። በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ጎንበስ ቀና ያልኩት እኔ ነኝ።

ሞተር ሳላስነሳ ኮፈን እከፍታለሁ። የዘይት መለኪያውን መዝዤ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ ከትቼ አያለሁ። የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጊያ። ከዚያ ያደረችበትን መሬት አያለሁ። የተንጠባጠበ ነገር ካለ ቀለሙ ብቻ ብዙ ይናገራል።

አንድ ጊዜ ግን ሰነፍኩ። ከደሴ ወደ ሚሌ ክትባት ጭነን እየሄድን ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የናፍታ ፊልትሮው ቢጫ መብራት በራ። ፊልትሮው ሥር ውሃ ሲጠራቀም ነው እንዲህ የሚያደርገው። ከታች ያለችውን መክፈቻ አላልቶ ውሃውን ማፍሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን «ሚሌ ስንደርስ» አልኩ። ባቲን አልፈን ቆላው ውስጥ ስንገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ጸጥ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ውጪው እሳት ነው። አብራን የነበረችው ነርስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። የበረዶ ሳጥኑን ቴርሞሜትር ብቻ ደጋግማ ታያለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃውን አፍስሼ፣ ናፍታውን በእጅ ፓምፕ ስቤ አስነሳኋት። ክትባቱም ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ለመኪናዋ የተደረገላትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር ያዝኩ። አቧራ ስለሚበዛብን ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እቀይር ነበር። የአየር ፊልትሮ ስታስነፉ ንፋሱ ከውስጥ ወደ ውጪ ይሁን፤ ከውጪ ከነፋችሁት አቧራውን ወደ ውስጥ ትቀረቅሩታላችሁ። የታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም ፒስተንና ቫልቭ ሳይጋጩ በልክ እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀበቶ፣ መብራት ሲበራ ደግሞ ቤልቱን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ የሚነዳ አለ። በእኔ ሞተር መብራቱ የሚመጣው በ100 ሺህ ነው። ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስተን ቫልቭ ይመታል፤ ያኔ ወጪውን አትጠይቁኝ።

«ምን አገባኝ፣ የእኔ አይደለች» የሚለውን ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ። ሊብሬው ላይ ስሜ የለም፣ እውነት ነው። ባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ ግን ጋቢናው ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ጡረታ ስወጣ ቁልፉንም ደብተሩንም ለአንድ ወጣት አስረከብኩ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄን ደሞ ምን ላድርገው?» አለኝ። ዝም አልኩት። ሁለት ወር ቆይቶ ከመንገድ ላይ ደወለ።

«ጋሼ፣ ክሮቼራው ይጮሃል። ግሪስ መጨረሻ የገባለት መቼ ነው?»

«ከኋላ ሦስተኛውን ገጽ ግለጥ» አልኩት።