ሜቶዶሎጂ ፕሮጀክትን ያድናል ወይ?

ጥያቄው ድርጅታችሁ ሠራተኛውን ሁሉ በስክራም (ሥራን ከፋፍሎ በአጫጭር ዙር የመሥራት ዘዴ) ሊያሠለጥን ነው፣ ለውጥ ያመጣል ወይስ ወረቀት ማብዛት ነው የሚል ነበር። እኔ ካየሁት፣ ለውጥ ያመጣል። የሚያመጣው ግን መጥፎ ወሬ ቶሎ ወሳኙ ሰው ጆሮ የሚደርስ ከሆነ ነው።

የሠራሁባቸው ፕሮጀክቶች ሲበላሹ መንገዳቸው ይመሳሰላል። በየሳምንቱ ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ሥራው ላይ ያሉት ልጆች ግን ሁለቱ ሲስተሞች እንደማይናበቡ ያውቃሉ። ነገሩ ቡድን መሪው ጋ ሲደርስ "ትንሽ ችግር አለ" ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ ደግሞ "እየተስተካከለ ነው"። ርክክብ ሲቃረብ አረንጓዴው ባንዴ ቀይ ይሆናል። አንደኛው መሥሪያ ቤት የሚሠራው በስክራም ነበር፣ ስታንድአፕ የሚባለው የጠዋቱ አጭር ስብሰባም አንድ ቀን አይታጎልም። ሰው ግን የሚያወራው ትናንት የጨረሰውን እንጂ ያቃተውን አልነበረም።

አጃይል (ስክራምም የሚመደብበት፣ በትንንሽ ደረጃ እየሠሩ እያሳዩ የመሄድ አካሄድ) አዳነው ተብሎ ብዙ የሚነሳው የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ሴንቲኔል የተባለው የምርመራ መዝገብ ማስተዳደሪያ ሲስተም ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሙከራ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጥሏል። ሴንቲኔልም ሲዘገይ ቢሮው በ2010 ሥራውን ከተቋራጩ ወስዶ ራሱ መምራት ጀመረ። የሰው ብዛት ቀነሰ፤ በየሁለት ሳምንቱ ያለቀውን ማሳየት ተጀመረ። በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ያዳነው አጃይል ነው ወይስ ባለቤቱ ራሱ መግባቱ? ሁለቱ አብረው ስለመጡ መለየት ይከብዳል። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር ማሳየት ግን ችግርን መደበቂያ እንደሚያሳጣ አልጠራጠርም። እኔ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ዋተርፎልንም፣ ማለትም ሁሉን አስቀድሞ አቅዶ ደረጃ በደረጃ የመሥራቱን ዘዴ፣ አትናቁት። ግንባታ ላይ መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ሐሳብ መቀየር ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ አስቀድሞ በደንብ ማቀድ ግድ ነው። ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ደንበኛው የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲያየው ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው ይሰጥ፣ መጀመሪያ ግን አለቆቹ ይግቡ። ከዚያ አንድ ነገር በጽሑፍ ይወስኑ፦ ባለሙያው "ይሄ በተባለው ቀን አይደርስም" ካለ፣ ማን በስንት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠዋል? እዚያ ላይ የሚጻፍ ስም ከጠፋ፣ ለሁሉም ሠራተኛ ገንዘብ አታውጡ። ፈቃደኛ አለቃ ባለው አንድ ፕሮጀክት ብቻ ጀምሩ።