ለጀማሪ አብራሪዎች፦ መስታወቱ ላይ ንቅንቅ የማይል ነጥብ

ልጆቼ፣ ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) እና ትንሽ አውሮፕላን አየር ላይ በተጋጩ ቁጥር «እንዴት አላየውም?» ይባላል። ፍርዱ ይከብደኛል። ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነት ሳይቀይሩ ወደ አንድ ቦታ ካመሩ፣ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ባለበት ይቆማል። ዓይን ደግሞ የሚማረከው በሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ነጥቡ ነጥብ እንደሆነ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ድንገት ይገዝፋል። ግላይደር ሲሆን ይብሳል፤ ነጭ ነው፣ ክንፉም ከፊት ሲያዩት ከቀጭን መስመር አይበልጥም።

አውሮፕላኑ በ120 ኖት (ኖት የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው)፣ ግላይደሩ በ60 ኖት ፊት ለፊት ቢመጡ በየሴኮንዱ 93 ሜትር ገደማ ይቀራረባሉ። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስሌት፣ አብራሪው አይቶ፣ አደጋውን ተረድቶ፣ ወስኖ፣ አውሮፕላኑም እስኪታዘዝለት 12.5 ሴኮንድ ያልፋል። ስለዚህ ከ1,100 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ማየት ነበረበት ማለት ነው።

ሰማዩን በአንድ ጊዜ አትጥረጉት። በ10 ዲግሪ እየከፋፈላችሁ በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ዓይናችሁን አሳርፉ። ባዶ ሰማይ ላይ ዓይን ሳይታወቀው ወደ ቅርብ ይመለሳልና በየመሀሉ ሩቅ ተራራ ወይም የደመና ጠርዝ ተመልከቱ። ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ሲታጠፍ የሚዞርበትን ወገን ስለሚጋርድ፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ያንኑ ክንፍ ትንሽ አንስታችሁ እዩ። ክንፉ ከታች ከሆነ ግን ሥጋቱ ስትወርዱ ነው፤ ግራ ቀኝ እያላችሁ ውረዱ።

ግላይደር ከፍታ የሚያገኘው ሽቅብ ከሚወጣ ሞቃት አየር ስለሆነ፣ ክምር ደመና ሥር ሲዞር ታገኙታላችሁ። ሞተር ያላችሁ ከደመናው ወለል በደንብ ዝቅ በሉ፤ አንድ ካያችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ። ደንቡ ቅድሚያውን ለግላይደር ይሰጣል፣ ፊት ለፊት ሲገናኙም ሁለቱም ወደ ቀኝ ይላሉ፤ ላልታየ ግን ቅድሚያ ምን ይሠራለታል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2006 በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ሚንደን አቅራቢያ፣ አንድ የንግድ ሰዎች ማጓጓዣ ትንሽ ጄት 16,000 ጫማ ገደማ ላይ ከግላይደር ጋር ተጋጨ። ግላይደሩ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለራዳርና ለሌሎች አውሮፕላኖች መኖሩን የሚያሳውቅ መሣሪያ፣ ነበረው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ ግን ጠፍቶ ነበር። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ወረደ፣ ጄቱም ጎማ ሳይዘረጋ አረፈ፤ ሁሉም ተረፉ። ትልቅ ባትሪ ጫኑ እንጂ ትራንስፖንደሩን አታጥፉ። ፍላርም የተባለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ጥሩ ነው፤ ሆኖም መሠረታዊው ዓይነት የሚያስጠነቅቃችሁ ሌላው ወገንም ፍላርም ካለው ብቻ ነው።

የግላይደር አብራሪ ከተመታ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ የመስታወት ክዳኑን መጣል፣ የወንበሩን ቀበቶ መፍታት፣ በጎን ተንከባሎ መውጣት፣ ከጅራቱ ሲርቅ የፓራሹቱን መዘርጊያ መሳብ። በጭንቀት ሰዓት እጅ የሚሄደው ወደለመደው ነውና፣ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የወንበሩን ቀበቶ ብቻ ፍቱ፤ ፓራሹቱን እንዳዘላችሁ ውረዱና መሬት ከረገጣችሁ በኋላ አውልቁት።